በአጭር ርቀት ሩጫ የፍጥነት ጭማሪ ምንድን ነው? የእግር ጡንቻዎችስ ድርሻቸው ምንድን ነው?

ጠዋት በጣና ዳር የደንገል ታንኳ ሲነሣ ያስተዋለ ሰው የዚህን ጉዳይ ግማሹን አይቷል። ቀዛፊው ረጅሙን ዘንግ ጥልቀት በሌለው ውኃ ወለል ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ሲገፋ ታንኳው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ብቻ ቢጫነው ግን የቱንም ያህል ጉልበታም ቢሆን ከቦታው እምብዛም አይርቅም። በባሕር ዳር ስታዲየም መም ላይ የሚነሣውን የ100 ሜትር ሯጭም የሚገዛው ይኸው ሕግ ነው።

የፍጥነት ጭማሪ ማለት ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚያድግበት መጠን ነው፤ ስለዚህ ፈጣን መሆንና ፍጥነትን መጨመር አንድ አይደሉም። ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በበርሊን 100 ሜትርን በ9.58 ሴኮንድ ሲያጠናቅቅ የመጀመሪያዎቹን 20 ሜትር የሮጠው በ2.89 ሴኮንድ ነበር፤ ከ60ኛው እስከ 80ኛው ሜትር ያለውን እኩል ርቀት ግን በ1.61 ሴኮንድ አልፎታል። ታላቁ የፍጥነት ጭማሪ የታየው ለዓይን ዝግ ያለ በሚመስለው በመነሻው ክፍል ነው።

በዚህ ክፍል ዋናውን ግፊት የሚሰጠው ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ሲሆን፣ ጭኑን ወደ ኋላ እየገፋ ዳሌን ይዘረጋል፤ የጭን የፊት ጡንቻዎች የታጠፈውን ጉልበት ያቃናሉ፤ በመጨረሻም ባት ቁርጭምጭሚትን ዘርግቶ ሯጩን ከመሬት ያስለቅቃል። ከሁሉ የሚዘነጋው ባት ይመስለኛል፤ እግር መሬት በነካ ጊዜ ባትና የተረከዝ ጅማት ቁርጭምጭሚትን አጽንተው ካልያዙት፣ ከላይ ከዳሌና ከጉልበት የመጣው ኃይል መሬት ሳይደርስ በከፊል ይባክናልና። የጭን የኋላ ጡንቻዎች ደግሞ ወደ ፊት የተወረወረውን እግር ገትተው ወደ ኋላ ይስቡታል፤ ፍጥነት እያደገ ሲሄድ ይህ ሥራ ስለሚከብዳቸው፣ በአጭር ርቀት ሯጮች ላይ በብዛት የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ የጡንቻ ብርታት ብቻውን አይበቃም፤ ኃይሉ ወዴት እንደሚገፋም ወሳኝ ነው። ሯጩ በመነሻው ላይ ሰውነቱን ወደ ፊት የሚያዘነብለው እግሩ ከሰውነቱ ኋላ ሆኖ መሬቱን ወደ ኋላ እንዲገፋ ነው። ቶሎ ቀና ካለ ግን ያው ጡንቻ ያመነጨው ኃይል አብዛኛው ሽቅብ ያነሣዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር እግር መሬት ላይ የሚቆይበት ጊዜ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ከነበረው 0.2 ሴኮንድ ገደማ ወደ 0.1 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች ስለሚያጥር፣ ለመግፋት የሚገኘው ዕድልም አብሮ ይጠባል፤ ጭማሪው ቀስ በቀስ የሚያበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ የሚደረግ አጭር የፍጥነት ሩጫ ለዚህ ልምምድ የሚጠቅመው በዚህ የተነሣ ነው፦ ዳገቱ ሯጩ እንዲያዘነብል ያስገድደዋል፣ እግሩንም መሬት ላይ ትንሽ አቆይቶ ለመቀመጫና ለባት ጡንቻዎች የሚገፉበት ጊዜ ይሰጣቸዋል።