የድንች «እድገት መቆጣጠሪያ»፦ አንዱ ያስጎነቁላል፣ አንዱ ይከለክላል

«የእድገት መቆጣጠሪያ» የተክሉን እድገት የሚቀሰቅስ ወይም የሚገታ ኬሚካል ነው እንጂ ማዳበሪያ አይደለም፤ ተክሉን አይመግብም። ግራ የሚያጋባው ተቃራኒ ሥራ ያላቸው ነገሮች በዚህ አንድ ስም መጠራታቸው ነው።

ጂብሬሊክ አሲድ ጎንቆል ቀስቃሽ ነው። አዲስ የተቆፈረ ድንች አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ሳይጎነቁል ይቆያል። ሐዋሳ ዙሪያ የበልግ ምርቱን ለመኸር ዘር ሊያደርግ የሚፈልግ ገበሬ ይህን ያህል መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ 1 ግራም ንጥር የጂብሬሊክ አሲድ ዱቄት መጀመሪያ በጥቂት አልኮል ይሟሟል (ውሃ ብቻውን በደንብ አያሟሟውም)፣ ከዚያ በ100 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ሙሉው ድንች 10 ደቂቃ ተነክሮ ጥላ ላይ ይደርቃል። የተቆረጠ ዘር በቁስሉ በኩል አብዝቶ ስለሚስብ ዱቄቱን ቢያንስ በግማሽ ቀንሱ። መጠኑ ከበዛ ጎንቆሉ ቀጭን፣ ረጅምና ገርጣ ያለ ይሆናል፤ ምርቱም ቁጥሩ በዝቶ ደቃቅ ይወጣል።

ማሌይክ ሃይድራዛይድ ግን ጎንቆል ከልካይ ነው። የሚረጨው ማሳ ላይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ፣ ከመድረቁ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ድንቹ አይወርድም፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ዝናብ ከጣለም ይታጠባል። ለዘር በታሰበ ድንች ላይ ግን በፍጹም እንዳትረጩ፤ ተተክሎ በወጉ አይበቅልም።