ቦር ኢፌክት ምንድን ነው?

ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን ትንሽ መሣሪያ ታውቋታላችሁ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት ገብታለች። 97 ካለች እፎይ እንላለን። ቁጥሩ የሚለው በደም ቅዳችን ካለው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከመቶ 97 እጁ ኦክስጅን ጭኗል ነው። ደስ ይላል። ግን ይህ የመጫኑ ወሬ ብቻ ነው። አይሱዙ ጢም ብሎ ተጭኖ ከመርካቶ ወጣ ማለት ዕቃው ባለሱቁ ጋ ደረሰ ማለት አይደለም። ቦታው ደርሶ መራገፍ አለበት።

ታዲያ ደም ኦክስጅኑን የት ማራገፍ እንዳለበት በምን ያውቃል? ለዚህ ጥያቄ ትልቁ መልስ ቦር ኢፌክት ይባላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ቦታ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ላላ አድርጎ ይይዛል። ባነሰበት ቦታ ጠበቅ ያደርጋል።

ፎቅ በደረጃ እየወጣችሁ ነው እንበል። የጭናችሁ ጡንቻ ይሠራል፤ ሲሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ይገባና ከውሃ ጋር ተዋህዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። አምቦ ውሃ ስንጠጣ ምላሳችንን ቆንጠጥ የሚያደርገን እሱው ነው። ሴሉ ውስጥ ደግሞ ይህን ውህደት በጣም የሚያፋጥን ኢንዛይም አለ። ከአሲዱ የሚለቀቁት የሃይድሮጅን አየኖች ሄሞግሎቢኑ ላይ ይጣበቃሉ፤ ቅርጹንም ይለውጡታል። ቅርጹ ሲለወጥ ኦክስጅኑን የያዘበት እጁ ይላላል። ኦክስጅኑም ወደ ጡንቻው ያልፋል። ደሙ ሳንባ ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ ይወጣል፣ ሄሞግሎቢኑም አዲሱን ኦክስጅን አጥብቆ ይይዛል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ እዚህ ላይ የአንጎል ትእዛዝ አለመኖሩ ነው። አብዝቶ የሠራ ጡንቻ አብዝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ስለዚህ አብዝቶ ኦክስጅን ይራገፍለታል። እረፍት ላይ ስንሆን ደም ከጭነቱ ሩቡን ያህል ብቻ አራግፎ ይመለሳል። ስንሮጥ ግን የሮጠው ጡንቻ ከዚያ እጅግ የበለጠውን ይወስዳል። የጡንቻው ሙቀትም ያግዛል። ትምህርት ቤት ካርቦን ዳይኦክሳይድን «ቆሻሻ አየር» ብለን ነበር የተማርነው። እኔ ግን ስሙ ያለአግባብ ጠፍቷል ባይ ነኝ። ኦክስጅን የጎደለበትን ቦታ ለደም የሚጠቁመው እሱ ነውና።

ቦር ማን ነው? ስሙን ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ የአቶሙ ሰው ኒልስ ቦር ነው። ይኼኛው አባትዬው ነው፤ ክርስቲያን ቦር፣ በ1855 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የተወለደ ዴንማርካዊ የፊዚዮሎጂ ሊቅ። ላይፕዚግ ሄዶ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ካርል ሉድቪግ ዘንድ ሠርቷል። ከዚያ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ዕድሜውን በደምና በጋዞች ላይ አሳለፈ። በ1904 ከካርል ሃሰልባልክና ከኦጉስት ክሮግ ጋር ሆኖ የውሻ ደም ወሰደ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን እየለዋወጡ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚይዝ ለኩ። ጋዙ በጨመረ ቁጥር የደሙ የመያዝ አቅም እየላላ ሄደ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ደግሞ ኦክስጅን አነስ ባለበት፣ ማለትም ሥራ ላይ ያለ ጡንቻ አካባቢ በሚገኘው ዓይነት ሁኔታ ነው። ሳንባ ውስጥ ባለው ያህል ኦክስጅን ሲሆን ግን ልዩነቱ እምብዛም ነበር። ስለዚህ ለማራገፍ የሚረዳው ነገር መጫኑን ብዙም አይጎዳም ማለት ነው።

ቦር ሌላም እምነት ነበረው። ሳንባ እንደ ዕጢ ኦክስጅንን በራሱ ጉልበት ወደ ደም ይገፋል ብሎ ያስብ ነበር። ይህን ያፈረሰው የገዛ ተማሪው ክሮግ ነው። ክሮግና ሐኪም የነበረችው ሚስቱ ማሪ በ1910 ባወጧቸው ጥናቶች ኦክስጅን ከበዛበት ወደ ጎደለበት በራሱ እንደሚያልፍ አሳዩ። ቦር በዓመቱ፣ በ1911 ሞተ። ክሮግ በ1920 ኖቤል ተሸለመ። ያ የ1904 ሥራ ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ እንግዴ ልጅ ላይ ያለው ነው። የጽንሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ እናቱ ደም ይሻገራል። በእናት በኩል ጋዙ ስለጨመረ የእሷ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ይለቃል። በልጁ በኩል ጋዙ ስለቀነሰ የእሱ ሄሞግሎቢን ደግሞ አጥብቆ ይይዛል። አንዱ ጋዝ ሲሻገር በአንድ ጊዜ የእናቲቱን እጅ ይፈታል፣ የልጁን እጅ ያጠብቃል።