የሙኒኩ ቤተ ሙከራ፦ የአልዛይመር በሽታ ስም ያገኘበት ክፍልና ሰዎቹ

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ የቡድን ፎቶግራፍ አለ። በሁለት ረድፍ የተሰባሰቡ ሐኪሞች፣ ገሚሶቹ ቆመው ገሚሶቹ ተቀምጠው ካሜራውን ያያሉ። ከኋላ ከቆሙት መካከል ደልደል ያለው ጀርመናዊ አሎይስ አልዛይመር ነው። ስፔናዊው ኒኮላስ አቹካሮና ወጣቱ ፍሪድሪኽ ሌዊ አጠገቡ አሉ። ከፊት ሦስት ጣሊያናውያን ተቀምጠዋል፦ ኡጎ ቼርሌቲ፣ ፍራንቼስኮ ቦንፊሊዮ እና ጋኤታኖ ፔሩዚኒ። አዴለ ግሮምባኽ የምትባል ሴትም አብራቸው ተቀምጣለች። አንዳንዶቹ ፊቶች የማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልተለየም።

እነዚህ ሰዎች በደቡብ ጀርመን፣ በሙኒክ ከተማ፣ በንጉሣዊው የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ በነበረው የአናቶሚ ቤተ ሙከራ አብረው የሠሩ ናቸው። ክፍሉን አልዛይመር እስከ 1912 ድረስ መርቶታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአንጎል ነርቮችን ቀስ በቀስ እያመነመኑ የሚገድሉ በሽታዎችን የሚያጠና ማንኛውም የዛሬ ተመራማሪ ሐረጉን ወደ ኋላ ቢቆጥር እዚህ ክፍል መድረሱ አይቀርም። የአልዛይመር በሽታ (ትዝታን የሚያጠፋው የመርሳት በሽታ)፣ የሌዊ አካላት (በፓርኪንሰን ሕመምተኞች የአንጎል ሕዋሳት ውስጥ የሚታዩ ክብ ነገሮች)፣ የክሮይትስፌልት ያኮብ በሽታ (አንጎልን በፍጥነት አጥፍቶ የሚገድል ሕመም) የሚባሉት ስሞች በሙሉ የአልዛይመርና አብረውት የሠሩ ሐኪሞች ስሞች ናቸው።

ክሊኒኩ የተከፈተው በ1904 ሲሆን ዳይሬክተሩ ኤሚል ክሬፔሊን ነበር። ክሬፔሊን የአእምሮ ሕመሞችን በዓይነታቸው በመለየትና በመመደብ ስሙ የገነነ፣ አልኮልን አጥብቆ የሚቃወም፣ ሥርዓት ወዳድ ሰው ነው። አልዛይመርን በ1903 ከሃይደልበርግ ወደ ሙኒክ ይዞት የመጣው እሱ ነው። ደመወዝ ግን አልነበረውም። አልዛይመር በ1890ዎቹ ያገባት ሴሲሊ ጋይዘንሃይመር የአንድ ሀብታም የአልማዝ ነጋዴ ባለቤት የነበረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በ1901 እሷም ሦስት ልጆች ትታ አረፈች። ሐኪሙ በሙኒክ ያለ ክፍያ ሊሠራ የቻለው በእሷ ውርስ ነው። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው የጓዳ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ሳይወሳ ስለሚታለፍ እዚህ መጠቀሱ ተገቢ ይመስለኛል።

ቤተ ሙከራው የሚታወቅበትን ሥራ ለመረዳት ግን ከሙኒክ በፊት ወደ ፍራንክፈርት መሄድ ያስፈልጋል። በኅዳር 1901 የአንድ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የሆነች የ51 ዓመት ሴት ወደ ከተማዪቱ የአእምሮና የሚጥል በሽታ ሆስፒታል ገባች። አውጉስተ ዴተር ትባላለች። ባሏን ያለ ምክንያት መጠርጠር ጀምራለች፤ ዕቃ የምታስቀምጥበት ይጠፋባታል፤ ወጥ ማብሰል ከብዷታል። በወቅቱ እዚያ ይሠራ የነበረው አልዛይመር እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ መዝግቧል። ስምሽ ማን ነው? «አውጉስተ።» የባልሽስ? «አውጉስተ።» ምሳ ላይ የአበባ ጎመንና የአሳማ ሥጋ እየበላች ምን እየበላሽ ነው ብሎ ሲጠይቃት «ስፒናች» አለችው። ካለችው ሁሉ ልብ የሚነካው ግን «ራሴን አጥቻለሁ» የሚለው ነው።

አንድ ነገር ልብ ይሏል። በኛ ቋንቋ ሽማግሌ ሲረሳና ሲዘባርቅ «ጃጀ» እንላለን፤ ቃሉ ነገሩን ከዕድሜ ጋር አስሮ ይዘጋዋል። የያኔዎቹ የጀርመን ሐኪሞችም ከዚህ ብዙ አይርቁም ነበር። የአውጉስተ ነገር ያስደነገጠው በ51 ዓመት ማንም «እርጅና ነው» ሊል ስለማይችል ነው።

አውጉስተ ሚያዝያ 8 ቀን 1906 አረፈች። የፍራንክፈርቱ ሆስፒታል ዳይሬክተር ኤሚል ሲዮሊ አንጎሏንና የሕመም መዝገቧን ወደ ሙኒክ ላከ።

የሙኒኩ ክፍል ሥራ የሚጀምረው እንዲህ ያለ ዕቃ ሲደርሰው ነበር። አንጎል ለስላሳ ስለሆነ እንዳለ ሊቆረጥ አይችልም፤ መጀመሪያ በፎርማሊን ወይም በአልኮል ይጠነክራል። ከዚያ በልዩ መቁረጫ እጅግ ስስ ሆኖ ይከተፋል፣ መስታወት ላይ ይዘረጋል፣ ይቀለማል። ቀለሙ ላይ ነው ሙያው ያለው፤ ያልተቀለመ የአንጎል ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ቢያዩት ደብዛዛ ጉም ነው። የአልዛይመር የልብ ጓደኛ ፍራንዝ ኒስል ለጨርቅ ማቅለሚያ የተሠሩ ሰማያዊ ቀለሞችን ተጠቅሞ የነርቭ ሕዋሳትን አካል አጉልቶ የሚያሳይ ዘዴ ገና ተማሪ ሳለ አግኝቷል። በርሊን ያለው ማክስ ቢልሾቭስኪ ደግሞ በ1900ዎቹ መጀመሪያ በብር ጨው የነርቭ ውስጥ ክሮችን አጥቁሮ የሚያወጣ ዘዴ አበጀ። ሁለቱ ዘዴዎች ባይኖሩ ኖሮ ሙኒክ የደረሰው አንጎል ምስጢሩን እንደያዘ ይቀር ነበር።

አልዛይመር በአውጉስተ የአንጎል የላይኛው ሽፋን ላይ ሁለት ነገር አየ። አንደኛው ከሕዋሳቱ ውጭ በየቦታው የተበተነ፣ ቅንጣት የሚያህል ዝቃጭ ነው፤ ዛሬ ፕላክ ይባላል። ሁለተኛው በሕዋሳቱ ውስጥ ተጠቅልለው የወፈሩ ክሮች ናቸው፤ ሕዋሱ ራሱ ሞቶ ከጠፋ በኋላ እንኳ ጉንጉኑ ብቻውን ቀርቶ ይታያል። ይህን በኅዳር 1906 ቱቢንገን ላይ ለተሰበሰቡ የአእምሮ ሐኪሞች አቀረበ። አንድም ጥያቄ አልተነሳም። ጽሑፉ በቀጣዩ ዓመት ሲታተም ሁለት ገጽ ገደማ ነበር።

ስለ ክፍሉ የዕለት ኑሮ ከተነገሩት ሁሉ የምወደው የሲጋራው ወሬ ነው። አልዛይመር ከተማሪ ወደ ተማሪ እየዞረ ከእያንዳንዱ ጋር ማይክሮስኮፕ ላይ ረጅም ጊዜ ይቀመጥ ነበር ይባላል። ያቀጣጠለውን ሲጋራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያኖርና በነገሩ ተመስጦ ረስቶት ይሄዳል፤ ማታ ላይ በየተማሪው ቦታ አንድ አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይገኛል። መድረክ ላይ ቆሞ ከማስተማር ይልቅ ትከሻ ለትከሻ ተጠግቶ አንድ መስታወት አብሮ ማየት የሚወድ መምህር ነበር። ከጣሊያን፣ ከስፔንና ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች ወደዚያ ክፍል የጎረፉትም ለዚህ ይመስለኛል።

ከጣሊያኖቹ መካከል ፔሩዚኒ ከሁሉ በላይ ሊታወስ ይገባዋል። አልዛይመር በአጭሩ ያለፈውን የአውጉስተን ጉዳይ ከሌሎች ሦስት ሕመምተኞች ጋር አድርጎ በዝርዝር የጻፈው፣ ጉንጉኖቹንም በሥዕል ያሳየው እሱ ነው። በ1910 ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ስምንተኛ እትም «የአልዛይመር በሽታ» የሚለውን ስም ሲያወጣ የተደገፈው በጣት በሚቆጠሩ ሕመምተኞች ነበር፤ ገሚሶቹን ያጠኑት ጣሊያኖቹ ናቸው። ፔሩዚኒ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ግንባር ዘምቶ በ1915 ቆስሎ ሞተ። ገና 36 ዓመቱ ነበር። ቼርሌቲ ግን ረጅም ዕድሜ አግኝቶ በ1938 ሮም ላይ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናን ከሉቺዮ ቢኒ ጋር የጀመረ ሰው ሆነ። ስፔናዊው አቹካሮ በአልዛይመር ምክር ወደ ዋሽንግተን ሄዶ የአንድ ትልቅ የአእምሮ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ መራ፣ አገሩ ተመልሶም ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋን አስተማረ፤ ይህ ተማሪ ማይክሮግሊያ የሚባሉትን የአንጎል ጠባቂ ሕዋሳት ለይቶ ለዓለም አሳየ።

በፎቶግራፉ ላይ የሌለ አንድ ሰው አለ። ሰለሞን ካርተር ፉለር በ1872 ሞንሮቪያ፣ ላይቤሪያ ተወለደ። አያቱ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ኖረው፣ ነጻነታቸውን በገንዘብ ገዝተው ወደ አፍሪካ የተሻገሩ ሰው ነበሩ። ፉለር በ1889 ወደ አሜሪካ ሄደ፣ በ1897 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ጨረሰ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በዌስትቦሮ የመንግሥት ሆስፒታል የሟቾችን አንጎል መመርመር ጀመረ። አልዛይመር ለቤተ ሙከራው ከመረጣቸው አምስት የውጭ አገር ረዳቶች አንዱ ሆኖ በ1904 ሙኒክ ገባ። እዚያ የቆየው እስከ 1905 ስለሆነ የአውጉስተ አንጎል ሲደርስ ወደ አሜሪካ ተመልሷል። የተማረውን ግን ይዞ ነው የሄደው። በ1907 በነርቭ ውስጥ ክሮች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳተመ፤ በ1912 ደግሞ እስከዚያ በዓለም የታወቁትን የአልዛይመር ሕመምተኞች አሰባስቦ፣ የራሱን አንድ ጨምሮ፣ የመጀመሪያውን ሰፊ ዳሰሳ ጻፈ። የአውጉስተን ታሪክ እንግሊዝኛ አንባቢ ያገኘው በእሱ ትርጉም ነው።

እንዲህ ያለ ሰው በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የክፍል ኃላፊነቱን ሥራ ያለ ሹመቱ ሠራ፤ የሚከፈለውም ከነጭ ባልደረቦቹ ያነሰ ነበር። በ1933 ቦታው ከእሱ በታች ለነበረ ነጭ ሐኪም ሲሰጥ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላም ሕክምናውን አልተወም። ቀደም ሲል በ1920ዎቹ ለቱስኪጊ የጥቁር ወታደሮች ሆስፒታል ሐኪሞችን አሠልጥኗል። በስኳር ሕመም ዓይኑ ጠፍቶ በ1953 አረፈ። ባለቤቱ ሜታ ዋሪክ ፉለር ታዋቂ ቀራጺ ነበረች። ከሥራዎቿ የታወቀው «የኢትዮጵያ መንቃት» ይባላል፦ ከወገቧ በታች እንደ ጥንት ግብጽ አስከሬን በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ከወገቧ በላይ ግን ተፈትታ ቀና ያለች ሴት። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው መዝሙር በጥቁር አሜሪካውያን አፍ ስንቅ በነበረበት ዘመን የተቀረጸ ነው። የመርሳት በሽታን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀው ሐኪምና ኢትዮጵያን ከጥቅልሏ የፈታችው ቀራጺ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸውን ያወቅሁ ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ፍሪድሪኽ ሌዊ ሌላ ዕጣ ነው የገጠመው። በ1912 በፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል ሕዋሳት ውስጥ ክብ ክብ ነገሮችን አይቶ ጻፈ። በ1919 ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሩሲያዊ ኮንስታንቲን ትሬቲያኮቭ «የሌዊ አካላት» አላቸው። ሌዊ አይሁዳዊ ስለነበር በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ጥሎ ወጣ፤ በእንግሊዝ አድርጎ ፔንሲልቬኒያ ደረሰ፣ የስሙን አጻጻፍም ቀየረ። አልፎንስ ያኮብ ሙኒክ ውስጥ፣ ሃንስ ጌርሃርድ ክሮይትስፌልት ደግሞ አልዛይመር በኋላ በሄደበት ብሬስላው ከእሱ ጋር ሠርተዋል። በ1920 እና በ1921 ለየብቻ የጻፏቸው ሕመምተኞች ናቸው ስማቸውን ለዚያ ፈጣን ገዳይ በሽታ የሰጡት።

ከዚህ ክፍል ውጭ የነበረና ስሙ የተዋጠ ሰውም አለ። ፕራግ ውስጥ በአርኖልድ ፒክ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ኦስካር ፊሸር በ1907 ከመረመራቸው 16 የመጃጀት ሕመምተኞች በ12ቱ አንጎል ፕላኮችን አግኝቶ አሳትሟል፤ የአልዛይመር ጽሑፍ በአንዲት ሴት ላይ የቆመ መሆኑን ስናስብ የፊሸር ድርሻ የላቀ ነው ማለት ይቻላል። እሱም አይሁዳዊ ነበር። በ1942 በቴሬዚን የናዚ እስር ቤት ተገደለ።

አልዛይመር በ1912 ብሬስላው (ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለችው ቭሮትስዋፍ) ፕሮፌሰርነት ተሰጥቶት ሲሄድ መንገድ ላይ ታመመ፤ ሙሉ ጤናውን ሳያገኝ በታኅሣሥ 1915፣ በ51 ዓመቱ አረፈ። አውጉስተ ሆስፒታል የገባችበት ዕድሜ ነው። ሙኒክ ላይ ቦታውን ዋልተር ሽፒልማየር ተረከበ፤ ክሬፔሊንም በ1917 ዛሬ የማክስ ፕላንክ የሳይካትሪ ተቋም የሚባለውን የምርምር ድርጅት መሠረተ። ይህ ድርጅት በናዚ ዘመን እጁን አቆሽሿል፤ ከተገደሉ ሕመምተኞች የተወሰዱ የአንጎል ቁራጮች ለአሥርት ዓመታት በመደርደሪያ ላይ ቆይተው በ1990 በሙኒክ መካነ መቃብር በሥርዓት ተቀብረዋል።

አልዛይመር ያየው ዝቃጭ ከምን እንደተሠራ የታወቀው በ1984 ነው፤ ጆርጅ ግሌነርና ኬይን ዎንግ አሚሎይድ ቤታ የተባለውን ፕሮቲን ለዩ። ጉንጉኖቹ ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሆኑ ብዙም ሳይቆይ ተረጋገጠ፤ የሌዊ አካላት ምንነት ደግሞ በ1997 አልፋ ሲኑክሊን ሆኖ ተገኘ። በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት አሚሎይድን ከአንጎል ያጸዳል፣ የበሽታውን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያል፤ የጠፋውን ትዝታ አይመልስም።

በ1995 የፍራንክፈርቱ ሐኪም ኮንራድ ማውረር ከባልደረቦቹ ጋር በሆስፒታሉ ምድር ቤት ጠፍቶ የነበረውን የአውጉስተን መዝገብ አገኘ። ጥቂት ቆይቶ ሙኒክ ውስጥ አንጎሏ የተዘረጋባቸው መስታወቶች ተገኙ፤ ቀለማቸው ሳይለቅ፣ ፕላኩም ጉንጉኑም ዛሬም እንደሚታይ ሆነው። በሰማያዊው የካርቶን መዝገብ ውስጥ የእጅ ጽሑፏ አለ። ሐኪሙ ስሟን እንድትጽፍ ጠይቋታል። «ወይዘሮ» የሚለውን ጻፈች፤ ቀጥሎ ያለው ጠፋባት፤ ሐኪሙም ቃሉን እየደጋገመ ነገራት።