ስለ ደብሊን አሮጌ በሮችና ፎቶ አነሳሳቸው የሚወሩ ስህተቶች፣ እና እውነታው

የአየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን ይዤ ሜሪዮን ስኩዌር እና ፊትዝዊሊያም ስኩዌር የሚባሉት አደባባዮች አካባቢ መዞር ልማዴ ሆኗል፣ የነዛ የድሮ ቀይ ጡብ ቤቶች ደጃፍ በጣም ነው የምወደው። እንግዳ ሲመጣብኝም መጀመሪያ የሚለው «በሮቹ ጋ ውሰደኝ» ነው። ግን ስለ በሮቹ የሚወራውም ፎቶ ስለማንሳቱ የሚባለውም ብዙ ስህተት አለበት፣ እና አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

«የእንግሊዟ ንግስት ቪክቶሪያ ስትሞት በሩን ጥቁር ቀቡ ስለተባለ ህዝቡ በእልህ በየቀለሙ ቀባው»

ይሄን ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። ሌላው ደግሞ ሰክረው የሚገቡ ባሎች የሰው ቤት እንዳይገቡ ሚስቶቻቸው ቀለም ለዩላቸው የሚለው ነው። ሁለቱም ተረት ናቸው። እውነታው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤቶቹ ሲሰሩ መሬቱን የሚያከራዩት ባለርስቶች የቤቱ ፊት ከጎረቤቱ ጋር አንድ አይነት እንዲሆን በውል ያስገድዱ ነበር፣ ጡቡ፣ ከፍታው፣ የመስኮቱ አሰላለፍ ሁሉ። እና ባለቤቱ እኔነቱን ማሳየት የሚችለው በደጃፉ ላይ ብቻ ነበር፣ በአምዱ፣ በማንኳኪያው፣ ከበሩ በላይ ባለው የግማሽ ክብ መስታወት። ደማቁ ቀለም በአብዛኛው ኋላ የመጣ ነው፣ በዓለም ያስተዋወቀውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሰራጨው የበሮቹ ፖስተር ነው።

ይሄን ካወቃችሁ የምታነሱት ነገር ይቀየራል። ቀለሙን ትታችሁ ልዩነቱን ፈልጉ። እኔ አንዴ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ በሮች ፊት ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፣ የአንዱ ማንኳኪያ የአንበሳ ራስ ነው፣ በየቀኑ ሲወለወል ኖሮ አፍንጫው ጠፍቷል፣ የሌላኛው ደረጃ ጥግ ላይ ደግሞ የጫማ ጭቃ የሚጠረግበት ብረት መሀሉ ተበልቶ ጎብጧል። ከሁሉም ፎቶዎቼ የምወዳቸው እነዚህን ሁለቱን ነው።

«ከበሩ በላይ ያለው መስታወት ለጌጥ ነው»

ጌጥ ነው፣ ግን ስራም አለው። ከበሩ ጀርባ ያለው ኮሪደር ጨለማ ስለሆነ ብርሃን የሚያስገባለት እሱ ነው። ማታ ደግሞ ስራው ይገለበጣል፣ ውስጥ መብራት ሲበራ መስታወቱ ወደ ውጭ ያበራል። ፀሀይ ከገባች 20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ እያለ ብራይትነሱን ቀነስ አድርጋችሁ አንሱት፣ ፍላሽ በጭራሽ።

«ጥሩ ፎቶ ፀሀይ ይፈልጋል»

ለበር አይፈልግም። በሩ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ስለሆነ ፀሀይ ሲመታው ፎቶው ላይ ግማሹ ከልክ በላይ ይነጣል ግማሹ ይጨልማል፣ የሚያብረቀርቀው ቀለም ደግሞ እንደ መስታወት ይመልስባችኋል። ደመና ያለበት ቀን፣ በተለይ ዝናብ እንዳባራ፣ የግራናይቱ ደረጃ ጠቆር ብሎ የበሩን ቀለም ያወጣዋል። ደግሞ የሜሪዮን ስኩዌር ደቡብ ጎን ያሉት ቤቶች ፊታቸው ወደ ሰሜን ስለሆነ በክረምት ፀሀይ ጨርሶ አያገኛቸውም፣ ብትጠብቁም አይመጣም።

«ሁሉም እንዲገባ ሰፊውን ሌንስ መጠቀም ነው»

ስልካችሁን 0.5 ላይ አድርጋችሁ ከስር ወደ ላይ ስታነሱ አምዶቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ቤቱ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ቀጥ ያለ በር ደግሞ ውበቱ ቀጥ ማለቱ ነው። መንገዱን ተሻገሩ፣ 2 እጥፍ ዙም አድርጉ፣ ስልኩን በበሩ ወገብ ልክ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ በቃ።

«ቆንጆ ስለሆነ ደረጃው ላይ ወጥቶ ፖዝ ማድረግ ይቻላል»

መንገድ ላይ ቆማችሁ አንሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ደረጃው ግን የሰው ደጅ ነው፣ ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትውጡበት። ደወሉ አጠገብ ስም ከተፃፈም ፖስት ከማድረጋችሁ በፊት ሸፍኑት።

«እነዚህ የሀብታም ቤቶች ናቸው፣ የተላላጠውን በር ማንሳት ምን ያደርጋል»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል። ደብሊንን ለሁለት ከሚከፍለው የሊፊ ወንዝ በስተሰሜን ሄንሪዬታ ስትሪት የሚባል አጭር መንገድ አለ፣ ከ1720ዎቹ ጀምሮ ለመኳንንት የተሰራ። እ.ኤ.አ. በ1801 የአየርላንድ ፓርላማ ተዘግቶ ስልጣኑ ወደ ለንደን ሲሄድ ሀብታሞቹም ቀስ በቀስ ለቀቁ፣ ቤቶቹም በኋላ ክፍል በክፍል ለድሃ ቤተሰብ ተከራዩ። በ1911 የህዝብ ቆጠራ ቁጥር 14 ቤት ውስጥ ብቻ 100 ሰው ይኖር ነበር፣ ለአንድ ቤተሰብ በተሰራ ቤት! ዛሬ ያ ቤት ሙዚየም ነው። እንደዚህ የተከራዩ ቤቶች የውጭ በር ብዙ ጊዜ ሌት ተቀን ክፍት ነበር የሚያድረው፣ ሁሉም ስለሚገባ ስለሚወጣበት። እዛ ስትሄዱ ካሜራችሁን ወደ ደፉ ዝቅ አድርጉት፣ ድንጋዩ መሀሉ ላይ የጎደጎደበት ቦታ አለ፣ በኤዲቲንግ አታስተካክሉት።