አትሮፒን መርዝ ነው ወይስ መድኃኒት?

እዚህ አዳማ የሰፈራችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጥያቄው ደጋግሞ ይነሳል። አትሮፒን መንገድ ዳር በሚበቅለው አስተናግር ውስጥ አለ። መርዝም መድኃኒትም ነው፤ ወሳኙ መጠኑና የሚወስደው ሰው ሁኔታ ነው።

ሥራው ምራቅና የሳንባ ፈሳሽ የሚያበዛውን፣ ልብን የሚያዘገየውን የነርቭ መልእክት ማገድ ነው። ለምሳሌ አንድ ገበሬ ማላታይን በተባለው ፀረ ተባይ ኬሚካል ተመረዘ እንበል። ምራቁ ይዝረከረካል፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል፣ ልቡ ሊዘገይ ይችላል። ሐኪም አትሮፒን በደም ሥር ሲሰጠው ፈሳሹ ይደርቃል፣ ልቡም ይፈጥናል። ጤነኛ ሰው አስተናግር ቢበላ ግን አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፤ ሊሞትም ይችላል።

በመርፌው ውስጥ ያለው መጠን በሚሊግራም የታወቀ ነው። በተክሉ ውስጥ ያለው ግን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው፣ ከቅጠሉ ወደ ፍሬው ይለያያል። ስለዚህ እባካችሁ ቤት ውስጥ ቀቅላችሁ አትሞክሩት። ልጅ ፍሬውን ከበላ ወተት እያጠጣችሁ አትጠብቁ፤ ቶሎ ሆስፒታል ውሰዱት።