አካቶ ትምህርት በመዋዕለ ሕፃናት

አካቶ ትምህርት ማለት አካል ጉዳት ያለበት ልጅ የሚያስፈልገው ድጋፍ ሳይጓደልበት፣ ከሰፈሩ እኩዮች ጋር በአንድ ክፍል የሚማርበት አሠራር ነው። በኢትዮጵያ የሕግ መሠረት አለው። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ አዝዟል። በኬጂም ሆነ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ባለው «ኦ» ክፍል (ከ1ኛ ክፍል በፊት ባለው የመዘጋጃ ክፍል) ግን ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከጨዋታውም ከትምህርቱም ውጭ የሚውል ልጅ ብዙ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት ወንበር፣ ብርሃን፣ መጸዳጃ ቤትና የመምህሯ አነጋገር ናቸው።

ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴና የአቋም ችግር) ያለበትን ልጅ እናቱ አዝላ ታመጣውና ግድግዳ አስደግፋው ትሄዳለች። ልጁ ያለ የሌለ ኃይሉን ላለመውደቅ ስለሚያውለው እርሳስ የሚይዝበት አቅም አይተርፈውም። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በ90 ዲግሪ ግድም ታጥፈው፣ መርገጫው ላይ ሙሉ እግሩ አርፎ፣ ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ሲሆን ግን እጆቹ ለሥራ ነጻ ይሆናሉ። እግሮቹ የሚቆላለፉ ከሆነ የተጠቀለለ ፎጣ በጉልበቶቹ መካከል ይደረጋል። አናጺ ለማሠራት አቅም ከሌለ ካርቶን በሙጫ እየተደራረበ ሲደርቅ ልጅ የሚችል ወንበር ይወጣዋል። ልጁ ስለሚያድግ መቀመጫው በየወሰነ ትምህርቱ መለካት አለበት፤ በተመቸ ወንበርም ቢሆን ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ስለሚጎዳው በየመሐሉ ምንጣፍ ላይ ይውረድ። ምሳ ሰዓት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አጉራሹ ከበላዩ ከቆመ ልጁ ቀና ብሎ ስለሚያይ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ፊት ለፊቱ፣ በዓይኑ ትይዩ ተቀምጦ፣ አገጩ በትንሹ ወደ ታች እንዳለ በትንሽ በትንሹ ማጉረስ ያስፈልጋል።

በደረጃ ፋንታ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው ተዳፋት መንገድ፣ ራምፕ፣ ላይ ስህተቱ ያው ነው፤ አጭር ይሆናል። 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 ደረጃዎች ያሉት በር 5 ሜትር ከ40 ራምፕ ያስፈልገዋል ማለት ነው። በ2 ሜትር ሲሠራ ተሽከርካሪ ወንበሩን አዋቂም ገፍቶ አይወጣውም፤ ሲወርድም ያንሸራትታል። መጸዳጃ ቤቱም ከተረሳ ልጁ ላለመሽናት ሲል ውኃ መጠጣት ያቆማል። መቀመጫው የተበሳ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥና ግድግዳው ላይ መያዣ ማሠራት ብዙ ወጪ የለውም።

መስማት የተሳነው ልጅ ፊት ለፊት መቀመጡ ብቻ አይበቃም። መምህሯ ጀርባዋን ለመስኮት ከሰጠች ፊቷ ጥላ ስለሚሆን ከንፈሯም ምልክቷም አይታየውም። በረድፍ ከመደርደር ግማሽ ክብ ሠርቶ መቀመጥ ይሻላል። ከዚህ የሚከብደው የቋንቋ ነገር ነው። እነዚህ ዓመታት ቋንቋ የሚያዝባቸው ናቸው፤ በምልክት ቋንቋ የሚያናግረው ሰው በሌለበት፣ 60 ሰሚ ልጆች መካከል ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ተካቷል ማለት አይቻልም። መስማት የተሳናቸውን የአካባቢውን ልጆች ምልክት ቋንቋ የምትችል መምህር ባለችበት አንድ ትምህርት ቤት ማሰባሰብ፣ ከሰሚዎቹም ጋር አብሮ ማስተማር የተሻለ ነው።

ዓይነ ስውር ልጅ ሌሎቹ ሀ ሁ ሂ ሲሉ አብሮ ይላል። ጣቶቹን ለብሬል፣ በዳሰሳ ለሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት፣ ለማዘጋጀት ከእንቁላል ካርቶን 6 ጎድጓዳዎች፣ በቁመት 3 በወርድ 2፣ ይቆረጡለታል፤ በየጎድጓዳው ጠጠር እየጨመረ ነጥቦቹን በቦታቸው ይለያል። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተከታትለው ስለሚጻፉ እንደ ፊደል ገበታው 7ቱን ቅርጽ አይሸመድድም።

ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ልጅ «ጫማህን አውልቅ፣ ቦርሳህን ስቀልና ና ተቀመጥ» 3 ትእዛዝ ነው፤ አንዱ እስኪያልቅ ሌላው ይቆይ። የቀኑ ተራ በሥዕል ተሠርቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ደወል ከመደወሉ በፊትም ይነገረዋል። በደወሉ ጩኸት ጆሮውን ይዞ የሚጮኸውን ልጅ ባለጌ ማለት ጭካኔ ነው።

የልጁን ችግር ስም መስጠት የመምህሯ ሥራ አይደለም፤ ያየችውን ጽፋ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ግን ነው። አልታዘዝ ባይ የተባለ ልጅ ጆሮው እየመገለ ሳይሰማ የቀረ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚወጣው የግል ዕቅድም የሚታይ ነገር ይጻፍበት፦ «ይሻሻላል» ሳይሆን «እስከ መጋቢት መጨረሻ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠጣል»። ረዳት ከተመደበለት ደግሞ ከጎኑ አትለጠፍ፤ አዋቂ ካልራቀ ልጆች አይጠጉትም። ጥቂት ፈቀቅ ብላ ቀለሞቹን ለጓደኞቹ እንዲያድል ብታደርገው ማቀበሉም መቀበሉም በልጆቹ መካከል ይሆናል።