ንቡ ሊሄድ አይደለም፤ ሞቆት ነው

«ልጄ፣ ንቡ ሊሄድብኝ ነው!»

መጋቢት ከገባ ጀምሮ ስልኬ የሚጮኸው ለዚሁ ነው፤ ያውም አመሻሽ ላይ። መተማ ቆላ ውስጥ ከንብ አናቢዎች ጋር ዓመታት ስለሠራሁ ሰዓቱን አይቼ ብቻ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። ንቡ ከቀፎው ወጥቶ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ከበሩ በታች እንደ ጢም ተንጠልጥሏል። ባለቤቱ ደግሞ ማጨሻ ይዞ ቆሟል።

ማጨሻውን ያስቀምጡት።

እጭ በደንብ የሚያድገው ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ውጭው 40 ሲያልፍ፣ ሲቀስም የዋለው ሁሉ ማታ ገብቶ ቢታጨቅ የራሱ ገላ ሙቀት ይጨመርና እጩ ይጎዳል፤ አየርም አይዘዋወርም። ስለዚህ ከፊሉ ደጅ ያድራል። እኛስ በሚያዝያ አልጋችንን አውጥተን ደጅ እንተኛ የለ? ሌሊቱ ሲበርድ፣ ንጋት ላይ ተመልሶ ይገባል።

ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ ቀፎውን ሊለቅ የተዘጋጀ መንጋ ሌላ ነው። የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አበባ በበዛበት ወራት ነው። ሲነሣ ከበሩ እንደ ውኃ ፈስሶ ሰማዩን ይሞላና ዛፍ ላይ ያርፋል። የተጠራጠረ ሰው በማግስቱ ማለዳ ከፍቶ፣ በማር እንጀራው ጠርዝ ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ ያልተፈለፈለ ለውዝ የሚመስል፣ አዲስ ንግሥት የምታድግበት የንግሥት ቤት ይፈልግ። ከሌለ ይዝጋና ወደ ሥራው ይሂድ።

አንድ አናቢ ግን አልሰማኝም። ማታ ንቡን በጭስ አስገድዶ አስገባና «እንዳይሄድ» ብሎ የቀፎውን በር በጨርቅ ጠቀጠቀው። ጠዋት ስንከፍተው እንጀራው ተንዶ፣ ማሩና እጩ ተላቁጦ፣ ንቡ ከታች ተነጥፎ አገኘነው። ሰም የሚቀልጠው 60 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ቢሆንም ማር የተሸከመ እንጀራ ከዚያ እጅግ ቀድሞ ይለሰልሳል። ሌላው ደግሞ፣ የእኛ አገር ንብ እንደ አውሮፓው ታጋሽ አይደለም፤ ሲያውኩት፣ ጥላና ውኃ ሲያጣ፣ ቤቱን ጥሎ ይኮበልላል። በየማታው ጭስ የሚለቅበት ሰው ራሱ እያባረረው ነው።

«በር ላይ ክንፉን የሚያርገበግበው ተቆጥቶ ነው» ይላሉ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ የሞቀውን አየር ከውስጥ እያወጣ ነው፤ አይነካዎትም።

«ከሰዓት በኋላ ቀፎው ፊት እየዞረ የሚበረው ዘራፊ ነው» ይላሉ። ካልተደባደበ ዘራፊ አይደለም፤ ወጣት ንብ ቤቱን እያጠና ነው።

«ረግረግ ላይ ውኃ የሚቀዳው ንብ ማሩን ያቆሽሸዋል» የሚለው ደግሞ የከተማ ሰው ሐሜት ነው። በሙቀት የሚቀዳው ውኃ ማር አይሆንም፤ በእንጀራው ላይ ይረጨውና በክንፉ እያራገበ ያበርድበታል። ጀርመናዊው የንብ ተመራማሪ ማርቲን ሊንዳወር ጣሊያን ውስጥ፣ ሳሌርኖ አጠገብ፣ ፀሐይ ባጋለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ቀፎ አስቀምጦ ነበር። ውጭው 70 ዲግሪ ሲደርስ ውስጡ 35 ላይ ጸና፤ ውኃ ስላልተቋረጠበት። ጠንካራ መንጋ በሐሩር ቀን ከ1 ሊትር በላይ ሊቀዳ ይችላል። ዝርግ ሳህን ውስጥ ጠጠር ደርድረው ውኃ ይሙሉበት፤ ሙቀቱ ሳይበረታ ይጀምሩ፤ ንብ አንዴ የለመደውን ውኃ በቀላሉ አይተውም።

«ዘመናዊ ቀፎ ሙቀት ይችላል» የሚለኝ ሰው ቆርቆሮ ክዳኑን በቀትር ነክቶት አያውቅም። አያቶቻችን ቀፎውን በእበት ለቅልቀው ሣር የሚደርቡበት ወደው አይደለም። እርስዎም ክዳኑ ላይ ሣር ይደርቡ፣ ዳስ ይሥሩለት፣ በሩን አያጥብቡ።

ትናንት ማታም ተደወለልኝ። ጢሙን፣ ብዛቱን፣ ፍርሃታቸውን ሁሉ ነገሩኝ።

«አባባ፣ ውኃስ አስቀምጠዋል?» አልኳቸው።

ዝም አሉ።